ባዶ የተውነው መስመር

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በቅርቡ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መምጣት የጀመሩ ባልና ሚስት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቁን። «ልጃችሁን መንግሥት የሚከፍልበት መዋለ ሕፃናት አስገብታችሁ ነበር ሲሉ ሰማን። እንዴት ነው የሚገባው?» ሲጠይቁን ግራና ቀኝ ይመለከቱ ነበር። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እንደዚያው ግራና ቀኝ እያየን ጠይቀን ስለነበር መጀመሪያ ሳቃችን መጣ። ቤት ገብተን ልጆቹን ካስተኛን በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስንነጋገር ቆየን። ታሪኩን ለሁለቱ ብቻ ከመንገር ለምን አንጽፈውም ተባባልን። አንዳችን አልፈለገም፤ ማን እንደሆነ አንናገርም። የሚያሳፍር ነገር አለበትና። በመጨረሻ ተስማምተን ይኸው ጻፍነው።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ 2023 እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትልቁ ልጃችን ሦስት ዓመት ሞላው። የተወለደው በኮሮና ወራት፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ሰው እንኳ ቤታችን አልገባም ነበር። ታናሽ እኅቱ ገና ጡት ትጠባለች። አባቱ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል፤ እናቱ ሕፃኗን እየያዘች በቤት እንጀራ እየጋገረች ለሰፈሩ ሰው ትሸጣለች። የምንኖረው አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ነው። የግል መዋለ ሕፃናት ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ከቤት ኪራያችን ብዙም አይተናነስም። ስልኩን ዘግተን ዝም አልን።

ስለ ሄድ ስታርት የነገረችን አንዲት የኅብረታችን እኅት ናት። ፕሮግራሙ በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን፣ ድህነትን ለመዋጋት ከታቀዱት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት የተጀመረ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፤ ሥራውን ግን በየአካባቢው ያሉ ድርጅቶችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያካሂዱታል። ከሦስት ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ይቀበላል፤ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ኧርሊ ሄድ ስታርት የሚባል አለ። ወላጅ አይከፍልም። ልጁ እዚያው ይበላል፤ ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው መመርመሩን ይከታተላሉ። ለመግባት የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መስመር መብለጥ የለበትም። በ2023 ያ መስመር ለአራት ሰው ቤተሰብ 30,000 ዶላር ነበር። በማደጎ ያለ ልጅ፣ መጠለያ የሌለው ቤተሰብ ልጅ፣ ፉድ ስታምፕ የሚቀበል ቤተሰብ ልጅ ግን ገቢ ሳይታይ ብቁ ነው።

ስንሰማ ደስ አለን ብንል ውሸት ነው። መጀመሪያ የተሰማን ቅሬታ ነበር። «የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት» የሚለው ቃል በጆሯችን ገባ። አገር ቤት ሳለን እኛ ነበርን ለሰው የምንሰጥ፤ ሐዋሳ ያሉት እናታችን በስልክ «አሜሪካ ሄዳችሁ ምጽዋት?» ቢሉን ምን እንመልሳለን? አንድ ወንድም ደግሞ ዜግነት ስታመለክቱ ይቆጠርባችኋል ብሎ አስፈራራን፤ ትክክል እንዳልነበረ በኋላ ጠይቀን ተረዳን። የእምነት ሥጋትም ነበረብን። ስለ ጌታ የማይነገርበት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲውል ምን ይሆናል? ይህን ሥጋት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጣልነውም፤ የልጅን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት ይከብዳል።

ቢሆንም ቅጹን ወሰድን።

ቅጹ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የቤተሰብ ገቢ ይጠይቃል። የአባቱ ደብሊው ቱ ላይ ያለው 27 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከመስመሩ በታች፤ ጥሩ። የእንጀራው ገንዘብ ግን በወር 500 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በዓመት 6,000። ሲደመር 33 ሺህ። ከመስመሩ በላይ።

አንድ በጣም የምናከብረው ወንድም ቤታችን መጥቶ ነበር። አሜሪካ ስንገባ ከአየር ማረፊያ የተቀበለን፣ የመጀመሪያውን ወር ያሳደረን ሰው ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሊረዳን ፈልጎ ነው የተናገረው። «ካሽ እኮ ገቢ አይደለም። ማን ያየዋል? የእኛ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሞላው። ልጁን አትጉዱት» አለን። ልጁን አትጉዱት የሚለው ነው የያዘን። ለራስ ጥቅም መዋሸት መዋሸት መሆኑ ይታወቃል፤ ለልጅ ሲሆን ግን ፍቅር ይመስላል።

በዚያ ወር የቤት ለቤት ኅብረታችን የሐዋርያት ሥራን እያጠና ነበር። ረቡዕ ማታ ኅብረቱ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው፤ የደረሰው ምዕራፍ ደግሞ አምስተኛው። ሐናንያና ሰጲራ። ጥናቱን የመራው ወንድም ስለ ቅጻችን ምንም አያውቅም። ባልና ሚስት ተማክረው ከመሬቱ ሽያጭ ጥቂቱን አስቀሩ፤ ጥፋታቸው ግን ማስቀረታቸው ሳይሆን ሙሉውን እንዳመጡ አድርገው ማቅረባቸው ነው እያለ ያብራራል። እኛ ቀና ብለን መተያየት አልቻልንም። ሌላ ጊዜ ጥያቄ የምናበዛ ሰዎች ያን ቀን ሻይ ለማቅረብ ተሽቀዳደምን።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቱ አንድ ነገር ተናገረች። «ከእንጀራው ገንዘብ ዐሥራት እናወጣለን አይደል? በየወሩ 50 ዶላር በፖስታ እናስገባለን። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ገቢ ነው፤ ለቅጹ ሲሆን ገቢ አይደለም ማለት ነው?» ለዚህ መልስ አልነበረንም። ጀግንነት አልነበረም፤ መውጫ አጣን እንጂ። 33 ሺህ ብለን ጻፍን። ያ ገንዘብ ታክስ ስንሞላም አልተጻፈም ነበርና በኋላ የታክስ ባለሙያ ዘንድ ሄደን አስተካከልነው፤ የመጣብንንም በየወሩ እየቆረጥን ከፈልን። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ባናወራ ደስ ይለናል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለብዙ ሰው ነግረናል። ያልነገርነው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ቅጹ አራተኛው ገጽ ላይ «ስለ ልጅዎ አነጋገር፣ መስማት ወይም አስተዳደግ የሚያሳስብዎ ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ባዶ ተውነው።

ልጃችን በሦስት ዓመቱ የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እማ፣ ውሃ፣ እምቢ፣ መኪና። ከዚያ ውጪ በእጁ እየጎተተ ያሳየናል፤ ካልገባን ይጮኻል። ሁሉም ሰው የሚያጽናና ቃል ነበረው። የወንድ ልጅ አፍ ዘግይቶ ነው የሚፈታው። ቤት አማርኛ፣ ቴሌቪዥኑ እንግሊዝኛ ስለሆነ ተምታቶበት ነው። እናታችንም ከሐዋሳ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው፤ አሁን ማን ዝም ያሰኘዋል?» ይሉ ነበር። እኛም እነዚህን ሁሉ ሰብስበን ተኛንባቸው። ይጸለይለት ብለን ደጋግመን ወደ ፊት አውጥተነዋል። አንድ ጊዜ የዲዳነት መንፈስ ነው ተብሎ ተጸልዮለታል፤ ጾመናልም። ጸሎቱን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። ግን ለሁለት ዓመት ያህል እየጸለይንና እየጾምን አንድ ቀን እንኳ ጆሮውን ለሐኪም አላሳየነውም።

ከዚህም የባሰ አለ። ስንጠራው የማይዞር ልጅ ነበር። «ና» ይባላል፤ አይመጣም። «ተው» ይባላል፤ አይተውም። ከኋላው ሆነን ስሙን ስንጠራ ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወታል። በጸሎት ሰዓት ወደ መድረኩ ሮጦ ሲሄድ «ተመለስ» የሚለውን ይንቃል። እልከኛ ነው አልን። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የሚናገረውን እናውቃለንና እልኩን እንስበር ብለን ቆንጥጠነዋል፤ መትተነዋልም። ስንቆነጥጠው ምን እንዳጠፋ ያልገባው ሰው ዓይን ነበረው። ያንን ዓይን አይተን አልፈናል።

ለቃለ መጠይቅ የተቀጠርንበት ቀን ቢሮ ስንገባ የተቀበለችን የቤተሰብ ጉዳይ ሠራተኛ ሐበሻ ሆና አገኘናት። ፈረንጅ ብትሆን ይሻለን ነበር፤ ለፈረንጅ ድህነትን መናገር እንደምንም ይቻላል። ይህች ግን የእንጀራ ደንበኛችንን ታውቅ ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ዘመዷ ሊሆን ይችላል። በአንገቷ ማተብ አስራለች። ፊታችንን አይታ ሳይገባት አልቀረም፤ ገና ሳንቀመጥ «እዚህ የገባ ወረቀት ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለችን። እውነቷን ነበር። ከእርሷ አንዳችም ነገር አልወጣም። ከጸሎት ርዕሳችን ግን ብዙ ነገር ወጥቶ ያውቃል።

የገቢውን መስመር አይታ «ከመስመሩ ትበልጣላችሁ» አለችን። ሕጉ ጥቂት ቦታዎችን ከመስመሩ በላይ እስከ 130 በመቶ ላሉ ቤተሰቦች መስጠት ይፈቅዳል፤ ግን መጀመሪያ የባሰባቸው ይቀድማሉ፤ እናንተ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ትገባላችሁ አለችን። ለምታመለክቱ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ በ2024 የወጣው ደንብ የቤት ወጪያቸው ከገቢያቸው 30 በመቶ በላይ የሆነባቸውን ቤተሰቦች ገቢ ሲያሰሉ ያንን እንዲያስቡላቸው ለፕሮግራሞቹ ፈቅዷል። የኪራይ ውላችሁንና ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። በእኛ ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ አራተኛውን ገጽ ገለጠች። «ይህችን አልሞላችኋትም» አለች።

«ምንም የለም» አልን። ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

ምንም አልተናገረችም። ልጃችን ጥግ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይደረድራል። ተነሥታ ከኋላው ቆመችና ስሙን ጠራች። አልዞረም። ድጋሚ ጠራችው፤ ጠንከር አድርጋ። አልዞረም። ከዚያ በጫማዋ ወለሉን መታ መታ ስታደርግ ንዝረቱ ተሰምቶት ዞር አለና ሣቀላት።

ተመልሳ ተቀመጠች። «ወንድሜ፣ እህቴ፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ልጃችሁ የማይሰማችሁ ስለማይሰማ ይሆናል» አለችን። አማርኛ እንደዚህ ነው፤ አለመታዘዝና አለመስማት አንድ ቃል ናቸው። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማነው አንደኛውን ፍቺ ብቻ ነበር።

ገንዘቡን ተናግረን ልጁን ደበቅነው። መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳናዞር ብዙ ቆየን። ሐናንያን ያመለጥን መስሎን ነበር።

ከዚያ ያለው ሥራ የሐኪምና የወረቀት ነው። ሠራተኛዋ የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ምዘና ክፍል አገናኘችን። ምዘናው በነፃ ነው፤ በቨርጂኒያ ጥያቄው ከቀረበ በ65 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የጆሮ ሐኪሙ ከሁለቱም ታምቡሮቹ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አገኘ። ድምፅ የሚደርሰው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው አለን። አልፎ አልፎ ይሻለዋል፣ አልፎ አልፎ ይብስበታል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ቀን የሚሰማ አንዳንድ ቀን የማይሰማ የመሰላችሁ። መስከረም ላይ በሁለቱም ጆሮዎቹ ትንንሽ ቱቦዎች ገቡለት። ቀዶ ሕክምናው ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ አልፈጀም።

ከሐኪሙ ቤት በተመለስንበት ማታ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ይቅርታ ጠየቅነው። ለጌታ ቀላል ነበር፤ ለጌታ ይቅርታ መጠየቅ ለምደናል። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን እንዴት እንደሚባል አላወቅንም፤ አገር ቤት ወላጅ ለልጅ ይቅርታ ሲል አይተን አናውቅም። እርሱ ምን እንደምንል አልገባውም። ስናለቅስ አየና መኪናውን አምጥቶ በእናቱ እጅ ላይ አስቀመጠላት። በዚያን ቀን የመቆንጠጥ ነገር ከቤታችን ወጣ። በዚህ ላይ ከእኛ ጋር የማይስማሙ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን፤ አንከራከርም። እኛ ግን የማይሰማን ልጅ ባለመስማቱ መትተናል።

በእነዚያ የጥበቃ ወራት የሙሴን ታሪክ ደጋግመን አነበብን። እናቱ ሦስት ወር ደበቀችው፤ ከዚያ በላይ መደበቅ ሲያቅታት ለወንዙ አሳልፋ ሰጠችው። ወዲያው የገዛ ልጇን እንድታጠባ ከፈርዖን ሴት ልጅ ደመወዝ ተቆረጠላት። በንጉሥ ቤት ገንዘብ ያደገ ልጅ ነው፤ ያውም ንግግር የሚከብደው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ስንሰማ ደመወዙን ልብ ብለነው አናውቅም። የእኛ «ምጽዋት» የሚለው ኩራት ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ረገበ።

ከፕሮግራሙ ቦታዎች ቢያንስ 10 በመቶው ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች መሆን አለበት። ምዘናው አልቆ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው ዕቅድ ሲወጣለት ስሙ በዝርዝሩ ወደ ላይ ወጣ። በኅዳር ወር አንድ ቤተሰብ ወደ ሌላ ስቴት ሄደና ቦታ ተከፈተ። ያቺው ሠራተኛ ደወለች። «ሰኞ ይምጣ» አለች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩ ላይ አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን። ምሳ ሰዓት መምህሯ ከልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ራሳቸው ከሳህኑ እያወጡ ይበላሉ። እኛ እንደምንበላው ማለት ነው፣ ከእንጀራው በስተቀር። አንድ ቀን መምህሯ ልጃችሁ ምግብ ሲቀርብ እጆቹን አጋጥሞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን አለችን። እርሷ አታስጸልይም፤ እርሱን ግን አልከለከለችውም። የፈራነው ነገር በዚያ በኩል አልመጣም። የመጣው በሌላ በኩል ነው፤ አፉ ሲፈታ በእንግሊዝኛ ተፈታ። የሐዋሳዋ አያቱ በስልክ ሲያናግሩት «ምን አለ?» ይላሉ፤ እኛ እናስተረጉማለን። ይህ ያሳዝነናል፤ መፍትሔ አግኝተናል አንልም።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። በዚያው ሰሞን ከኅብረታችን አንድ ቤተሰብ ለሴት ልጃቸው አመልክተው ነበር። እነርሱም የሚያገኙትን ሁሉ ጻፉ፤ የሕፃን ጥበቃውን ካሽ ሳይቀር። ገቢያቸው ከመስመሩ በለጠ፤ ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ሳይጠሯት አምስት ዓመት ሞላት። እኛ በገና ሰሞን መድረክ ላይ ወጥተን እውነቱን ጻፍን፣ ጌታም በሩን ከፈተልን ብለን መስክረን ነበር። ጉባኤው አጨበጨበ። የልጅቷ እናት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስንወጣ ጉንጫችንን ሳመችንና ቀስ ብላ «እኛም እውነቱን ጽፈን ነበር እኮ» አለችን። ቅናት አልነበረባትም፤ ጥያቄ ነበር። እስከ ዛሬ መልስ የለንም። ከዚያ ወዲህ ምስክርነታችንን በዚያ መልክ አንናገረውም። ቦታውን ያገኘነው ልጃችን ስለታመመና አንድ ቤተሰብ ስለለቀቀ ነው፤ እውነት መናገራችን ዋጋ ሆኖ አልተከፈለልንም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሦስት እናቶች ተራ ገብተው ልጆች የሚያስተምሩት በዚያች እናት ሐሳብ የተጀመረ ነው። የኛዋ ትንሿም እዚያ ቆጠራ ተምራለች፤ በአማርኛ።

እንግዲህ መኪና ማቆሚያው ላይ ለጠየቃችሁን ወንድምና እኅት፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን። የልጁን የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርዱን፣ የሁለታችሁን የደመወዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውላችሁንና የምትኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ የመብራት ወይም የስልክ ቢል ይዛችሁ ኑ። ልጁ እስከ መስከረም 30 በፈረንጆቹ ሦስት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለዘንድሮ ይደርሳል። ልጁንም ይዛችሁት ኑ፤ ቅጹን ስትሞሉ ከእኛ ልጆች ጋር ይጫወታል። አራተኛውን ገጽ አብረን እንሞላዋለን። ቡና እናፈላለን።